ሁላችንም ከመረጥን ኑርዬ ምን አጠፋ?

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ፈንታሁን አበጋዝ
ለብሔራዊ ሸንጎ የማሟያ ምርጫ የጣቢያችን አስፈጻሚ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? በምርጫው ሰሞን በንግግር ብዛት ጎርነን ብሎ የነበረው ድምፅዎስ ተመለሰልዎ? እኛ በእኔ በኩል እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሙስሊም ጎረቤቶቼ በኩል ደግሞ አልሐምዱሊላህ፣ ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ያ አንድ ሰው በእርስዎ እጅ ስላለ የእሱን ጤንነት ከእኛ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት ስለ እሱ የምንጠይቀው እኛ ነን።

ስሜን ብጠቅስ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ሙላት ይመር እባላለሁ፤ ቤቴ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለችው መንደራችን ሲሆን፣ እንጀራዬ ግን በሐይቅ ከተማ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። በዚህችው ድንጋይ ላይ የባልና የሚስት፣ የወሰንና የውርስ፣ የጠፋ በሬና የተደፈረ አጥር አቤቱታ ስጽፍ ፀጉሬ ነጭቷል። እርስዎም ከዓመታት በፊት አሁን ለያዙት ሥራ ሲያመለክቱ ስለ ትሕትናዎ፣ ስለ ታታሪነትዎና ለሕዝብ ስላለዎት ፍቅር የጻፍኩልዎትን ማመልከቻ ያስታውሱት ይሆናል። ያኔም ቢሆን ማጋነን የሙያዬ አካል ነበር።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ ወደ ቢሮዎ በመላክ ፈንታ በኅብረት ሱቁ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ ነው። የታሸገ ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ ከባድ እንቅልፍ እንደሚወስደው ከልምድ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን ስኳር ለመቀበል የተሰለፈ ሰው ሌላ የሚያነበው ስለሌለው እየደጋገመ ያነብልዎታል፣ ማንበብ ለማይችለውም ያነብለታል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማራችሁት ሕዝብ ምን ያህል እንደበሰለ እግረ መንገድዎን የሚለኩበት አጋጣሚም ይሆንልዎታል። ቅሬታዎቼንም ለአያያዝ እንዲመችዎ በተራ አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሩ።

በሸንጎው ውስጥ የእኛ የሆነው ወንበር ባዶ መሆኑን ስለነገሩን እናመሰግናለን። እውነቱን ለመናገር እኛ ወንበሩ ከመጀመሪያውም ባዶ ይመስለን ስለነበር ለካስ እስከ ዛሬ የሚቀመጥበት ሰው ነበር ብለን ተደንቀናል። የቀድሞው ተወካያችን ለአጭር ሥልጠና ባሕር ማዶ ሄደው፣ አየሩ ስለተስማማቸው በዚያው መቅረታቸውን የሰማነው ከእርስዎ አይደለም፤ እርስዎ «በጤና ምክንያት» ነው ያሉን። ሁለቱም ያው ነው፤ አየር የተስማማው ሰው ጤነኛ ነውና።

ሦስቱ አዳዲስ ዕጩዎችም በውጫሌ በኩል በአንድ መኪና መጥተው፣ አንድ ንግግር ለሦስት ተካፍለው አድርገው፣ በዚያው መኪና ተመልሰዋል። ሰው ስማቸውን ለመያዝ ጊዜ ስላላገኘ በምልክታቸው ያዛቸው፤ አንደኛው ዝሆን፣ ሁለተኛው ቀጭኔ፣ ሦስተኛው ጎሽ። በምልክቶቹ ላይ ጥያቄ ካለ ተብሎ መድረኩ ሲከፈት የመንደራችን ሽማግሌ ሼህ አብደላ ተነሥተው «ኧረ በአላህ፣ ከሦስቱ ሰብል የማይበላው የትኛው ነው? እሱን ንገሩንና እሱን እንምረጥ» ማለታቸውን አስታውሳለሁ። እርስዎ ጥያቄው ተመዝግቧል፣ ለበላይ አካል ይቀርባል አሉ። መልሱ እንደመጣ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል፤ ጤፋችን ደርሷልና።

ሁለተኛ፣ ስለ ጠሪው።

እዚህ ላይ የመንደራችንን ልማድ ለማያውቅና ይህን ግድግዳ ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ትንሽ ማስረዳት ይኖርብኛል፤ እርስዎ ተወልደው ያደጉበት ስለሆነ ይታገሡኝ። በእኛ አገር ቅሬ የምንለው ማኅበር አለን። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ላይ ሆኖ ሙቱን የሚቀብርበት፣ ያዘነውን የሚያጽናናበት ነው። የቅሬው ጠሪ ኑርዬ ይባላል። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ከመንደሩ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ይወጣና ይጣራል። ድምፁ ከአርዲቦ ወዲህና ወዲያ ይሰማል፤ በሠርግ ላይ አምባሰልን ሲያወርድማ ሙሽራዋ ሳትቀር ባሏን ትታ ወደ እሱ ትዞራለች። ከጉብታዋ ላይ ሲሆን ግን ያ ድምፅ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ኑርዬ ከተጣራ ወንዱ መቆፈሪያውን አንሥቶ፣ ሴቷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትወጣለች፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ከቤት ከተወጣ በኋላ ነው። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት በከንቱ አይደለም፤ መጀመሪያ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መሄድ አለመሄዱን ሊያመዛዝን ይችላል ብለው ነው።

እንግዲህ የኮሚቴው ድምፅ ማጉያ ዕጩዎቹን በተቀበልንበት ሰልፍ ቀን ባትሪው አልቆ አልናገር ባለ ጊዜ፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ለመጣራት ከኑርዬ ጉሮሮ የተሻለ እንደሌለ ያሰቡት እርስዎ ነዎት። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ባትሪም አይፈልግም። የቅሬው ሽማግሌዎች ጠርተው ይህ ጉሮሮ ለሞት ብቻ የተቀመጠ ነው፣ ለሌላ ከተጠቀምንበት ሰው ይደናገራል ብለው ቢነግሩዎ፣ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው ብለው በትዕግሥት አረሙን። ኑርዬም «እሽ፣ መንግሥት ካለ ምን ይደረጋል» ብሎ በምርጫው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጉብታዋ ላይ ወጥቶ በነገው ዕለት ለምርጫ ውጡ እያለ ተጣራ።

የሆነውን እርስዎም አይተውታል። ድምፁን የሰማ ሁሉ የሚለውን ለማዳመጥ አልቆመም። ወንዱ አካፋና ዶማውን፣ ሴቱ ለቅሶውን ይዞ እየጎረፈ ምርጫው ወደሚደረግበት የመሠረተ ትምህርቱ ዳስ መጣ፤ ምክንያቱም ኑርዬ የተጣራው ወደዚያ ነበር። ገና መንገድ ላይ ሙሾ የጀመሩ ነበሩ። እርስዎም በዳሱ በር ላይ ቆመው ማንም አልሞተም፣ የሸንጎ ወንበር ባዶ ሆኗል እንጂ አሉ። ሼህ አብደላ ግራ ተጋብተው «ታዲያ ለቅሶው ቤት የት ነው?» ሲሉ የጠየቁትን ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እርስዎ ተቆጡ፤ እኛ ግን ሙት የሌለበት ቀብር ስለሆነ ደስ ብሎን መቆፈሪያችንን ተሸክመን ወደ ቤታችን ተመለስን። ለቀባሪው አረዱት ይሉ ነበር ሲተርቱ፤ እርስዎ ደግሞ ሙት ሳይኖር ቀባሪውን ጠሩት።

ሦስተኛ፣ ስለ እሁድ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ኑርዬ በትእዛዝዎ መሠረት ለምርጫው ሊጣራ እንደገና ወደ ጉብታዋ በመውጣት ላይ ሳለ፣ የእመት ፈዲላ ምራት ሂንድ እያለቀሰች ከኋላው ደረሰችበት። እመት ፈዲላ ሌሊቱን ወደ አኼራ ሄደዋል። እመት ፈዲላን ለመንገደኛው ማስተዋወቅ ይገባኛል፤ የመንደራችን አዋላጅ ነበሩ፤ በዚህ አገር ዛሬ ፂሙን የሚላጭ ወንድ ሁሉ መጀመሪያ ያየው ፊት የእሳቸው ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። እርስዎንም፣ ክቡር ሆይ፣ በእናትዎ ጎጆ የተቀበሉዎ እሳቸው ናቸው። እናትዎ ነፍሳቸውን ይማርና ከተጨነቁ በኋላ እሳቸው እንዳተረፏቸው ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የሙስሊም ጀናዛ ደግሞ አይውልም አያድርም። ኑርዬ ጉብታዋ ላይ ወጣ፤ ቅዳሜ የሆነውን ስለሚያውቅም ቃሉን አጥርቶ ተጣራ። «ያ ጀማዓ! የቅሬ ሰው! ዛሬስ እውነት ነው! እመት ፈዲላ ሄደውብናል! ወንድህ መቆፈሪያህን ያዝ! ከቀብር መልስ ደግሞ ምርጫ አለ፣ መንግሥት ይጠብቃችኋል፣ ወላሂ እንዳትቀሩ!» አለ። ይህን ከደጄ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ከሁለቱ ጥሪዎች አንዱንም አላስቀረም፤ ማስቀደም የሚገባውን አስቀደመ እንጂ። የቅሬው ሽማግሌዎችም ከመንደሩ ወጣቶች አንዱን፣ ጠሃን፣ ወደ እርስዎ ልከው፣ ሳጥኑ እስከ ከሰዓት በኋላ እንዲቆይልን በትሕትና ለመኑ። እርስዎም ምርጫ ለማንም ሞት አይቆምም ብለው መለሱለት። በዚህ ጽናትዎ ተደንቀናል። ሞት ለምርጫ እንደማይቆም እናውቅ ነበር፤ ምርጫ ለሞት እንደማይቆም ግን ያን ቀን ገና አወቅን።

እኛም ቀበርን። ክርስቲያኑ ቆፈረ፣ እስላሙ ሰገደ፣ አፈሩን ሁላችንም መለስን። በመንደሩ ውስጥ መሄድ የሚችል ሰው ከእርስዎና ከሁለቱ የኮሚቴው አባላት በቀር የቀረ አልነበረም። ሴቶቹ ለቅሶው ቤት ነበሩ። ልጆች ሳይቀሩ መጥተው ነበር። ስለዚህ ያን ዕለት በዳሱ ውስጥ የነበራችሁት ሦስታችሁ ብቻ መሆናችሁን እንደ ስድብ አይቁጠሩብኝ፤ ለማስታወስ ያህል ነው።

ከቀብር ስንመለስ ኑርዬ ራሱ ከፊት ሆኖ፣ እጃችን ላይ አፈሩ ሳይደርቅ በቀጥታ ወደ ዳሱ ወሰደን። በሩ ተዘግቶ፣ ሳጥኑ ታሽጎ መኪና ላይ ወጥቶ አገኘነው። በር ላይ የቆመው ዘብ ምርጫው ማለቁን፣ ሁላችንም መርጠን መጨረሳችንን ነግሮ ወደየቤታችን እንድንገባ አዘዘን። ሼህ አብደላ ተጠግተው «ልጄ፣ ማንን መረጥኩ?» አሉት። «ቀጭኔን» አላቸው። «ኸይር ነው፤ አንገቱ ረጅም ስለሆነ ከሩቅም ቢሆን ያየናል» ብለው ሄዱ። በሦስታችሁ ጉልበት ብቻ ይህን ሁሉ ሕዝብ ወክሎ መርጦ መጨረስ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ማመልከቻ ለሰው የምጽፍ እኔ አውቀዋለሁ፤ እኔ እንኳ ከባለጉዳዩ አፍ ሰምቼ ነው የምጽፈው። በዚህ አጋጣሚ ስለ ደከማችሁልን ከልብ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ውጤቱና ስለ ኑርዬ።

ማክሰኞ ውጤቱ ተነበበልን። በጣቢያችን ከተመዘገበው መራጭ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ተኩሉ ድምፁን ሰጥቷል ተባለ። በጭብጨባ ተቀበልነው። ድምፁን ያልሰጠው ግማሽ ማን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉተን በየቤቱ ብንጠያየቅ አላገኘነውም፤ ምናልባት እመት ፈዲላ ሳይሆኑ አይቀሩም። እሳቸውማ ምክንያት አላቸው።

በዚያው ማክሰኞ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ፣ ኑርዬ ምርጫውን በማደናቀፍ ተይዞ በገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ውስጥ ተዘጋበት። ክሱ ሲነበብ ሕዝቡን ከምርጫ ጣቢያ ወደ መቃብር በማዞር የሚል ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፣ ክቡር ሆይ፣ የማመልከቻ ጸሐፊ አእምሮዬ ዕረፍት ያጣው። ዕድሜዬን በሙሉ ሁለት ነገር አብረው የማይቆሙበትን ማመልከቻ ዳኛ ሲመልስብኝ ኖሬያለሁ። ዘጠና ዘጠኝ ተኩላችን ከመረጥን፣ ኑርዬ ከምርጫ ያስቀረው ማንን ነው? ኑርዬ ደግሞ ሁላችንንም ወደ መቃብር አዙሮን ከሆነ፣ ያን ቀን የመረጠው ማን ነው? ከሁለቱ አንዱ ብቻ እውነት ሊሆን ይችላል። እርስዎ ለበላይ አካል የላኩት የመጀመሪያውን ነው፤ በመጋዘኑ የቆለፉት ደግሞ ሁለተኛውን። ምናልባት አንዱን ለማውረድ ሲሉ ሌላውን እንዳይጥሉ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችውን ሴት እርስዎም ያውቋታል።

የኑርዬ ሚስት ዘሀራ ጠዋትና ማታ ምግቡን ይዛ ከመጋዘኑ በር ትቀመጣለች። ጤፋቸው ደርሶ መርገፍ ጀምሯል። ደቦ ወጥተን እንዳናጭድላት ደቦውንም ከጉብታዋ ሳይሆን በየደጁ እየዞረ የሚሰበስብልን እሱ ነበር፤ እኛ ዞረን የጠራነው ሰው አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል። ይህ እንኳ ይቻላል። ለማንም ገበሬ የማይቻል ነገር የለም።

ቀጥሎ የምጽፈውን ግን አምስተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልሆነልኝም፤ ቅሬታ ስላልሆነ። ባለፈው ሳምንት ከበደ ሞተ። ከበደን እርስዎም ያውቁታል፤ የመንደሩን በሬ ሁሉ ቀንበር የጠረበው፣ እግሩን የሚያነክሰው። ሌሊት ሞተ፤ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ኮሚቴው ድምፅ ማጉያውን ባትሪ ገዝቶ አድሶት ስለነበር በእሱ እንዲለፈፍ ፈቀዱ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሰዎች ያንን ድምፅ ሲሰሙ ስብሰባ ነው ብለው በራቸውን ዘጉ። ለቀብር የመጣው ሬሳውን ለመሸከም የሚበቃ ያህል ብቻ ነበር። ባለቤቱ ጸዳለ ከመቃብሩ ዳር ቆማ ዙሪያዋን አየችና «ከበደ ሰውን ምን አድርጎት ነው?» አለች። ለዚያች ሴት የምመልሰው ነገር አለማግኘቴ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህም ነው ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት።

ከመጡት ውስጥ ጥቂቶቹ እንዴት እንደሰሙ በኋላ ጠየቅኋቸው። ቤታቸው ከመጋዘኑ አጠገብ ነው። ኑርዬ ከሩቅ የጸዳለን ለቅሶ ሰምቶ፣ ከመጋዘኑ ግድግዳ ባለች ሽንቁር አፉን አስጠግቶ ሲጣራ ነበር። «የቅሬ ሰው! ከበደ ሄዶብናል!» እያለ። የመጋዘኑ ዘብ ዝም በል ቢለው አልሰማም፤ ሲመታውም አላቆመም። ያ ድምፅ ለጉብታ የተፈጠረ ነው፤ በሽንቁር በኩል ከአራት ቤት አላለፈም። ይህን ስሰማ የተሰማኝን እንደ ልማዴ አሳምሬ ልጽፍልዎ አልችልም። አለቀስኩ።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው፤ ከሁለቱ የሚቀልዎትን ይምረጡ፤ በዚህ ምርጫ ደግሞ ዕጩዎቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ግራ አያጋባም። ወይ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ተኩሉን ሰው ከላኩበት ይመልሱት፤ ወይ ኑርዬን ከቆለፉበት ይልቀቁት። የመጀመሪያው ደሴን አልፎ አዲስ አበባ ደርሷል፤ ምናልባትም ተጨብጭቦለት ይሆናል፤ እሱን ለመመለስ ብዙ መኪና፣ ብዙ ማብራሪያና ብዙ ላብ ያስፈልጋል። ኑርዬ ግን ከቢሮዎ አጠገብ ነው። አንድ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ንጋቱን መጠበቅ ሳያስፈልግ ዛሬ ማታ ቢጠራ ይሻላል ባይ ነኝ።

ቁጥሩ እንዲነካ የምንፈልግ ሰዎች እንዳልሆንን በቅሬው ሽማግሌዎች ስም ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። ቁጥሩ የእርስዎ ነው፤ ይባረክልዎ። ማን እንደተመረጠም አንጠይቅም፤ ቀጭኔው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አንገቱ ጣራ እንዳይነካበት እንጸልይለታለን። ማንም ቢጠይቀን ሁላችንም መርጠናል እንላለን፤ ኑርዬም ጭምር መርጧል እንላለን። እንዲያውም የመጀመሪያው መራጭ እሱ ነበር እንላለን፤ ከሁላችንም ቀድሞ ጉብታዋ ላይ የወጣ እሱ ነውና። ይህ ሁሉ የእርስዎን ሪፖርት የሚያጠነክር እንጂ የሚያላላ አይደለም። እስር ቤት ያለ ኑርዬ ብቻ ነው ሪፖርቱን ውሸት የሚያደርገው፤ የተፈታ ኑርዬ እውነት ያደርገዋል። ከዚህ የበለጠ ለአለቃ የሚጠቅም ምክር በሙያዬ ሰጥቼ አላውቅም፤ ዋጋም አልጠየቅሁበትም።

ይህን ደብዳቤ በመጻፌ ከድንጋዬ ላይ የጠፋሁ እንደሆነ፣ ለእኔ ቦታ የማሟያ ምርጫ እንዳያደክምዎ። ድንጋይዋ ለሁለት አትበቃም፤ ደግሞም ቀጭኔ አይቀመጥባትም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ድካምዎ፣ በእኛ ፈንታ ስለ መረጡልንና በእኛ ፈንታ ስለሚያውቁልን ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሚዛናዊ ዳኝነትዎን ከነገ ጠዋት ጀምሮ በጉብታዋ አቅጣጫ ጆሮዬን ሰጥቼ እጠብቃለሁ።

ኢትዮጵያ ትቅደም፤ ኑርዬም ከኋላዋ ይውጣ።

የእርስዎ ትሑት አመልካች፣ የቀድሞው የማመልከቻዎ ጸሐፊ፣
ሙላት ይመር
ሐይቅ፣ ኅዳር ወር ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለቅሬው ሽማግሌዎች፣ ለመረጃ ያህል
ለኅብረት ሱቁ ግድግዳ፣ ለስኳር ተሰላፊዎች
ለዝሆን፣ ለቀጭኔና ለጎሽ፣ ባሉበት

ከተጻፈ በኋላ የታሰበ፦ ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የቅሬያችን አባል መሆንዎ ትዝ አለኝ። በእመት ፈዲላ ቀብር ላይ ባለመገኘትዎ በደንቡ መሠረት ሊቀጡ ይገባ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን ያን ዕለት በእኛ ሁሉ ፈንታ ሲመርጡ ስለዋሉ ደክሞዎታል ብለው ምረውዎታል። ዕድሜዎን ከአርዲቦ ውሃ ያርዝመው እንጂ ለማንኛችንም የማይቀር ቀን አለ። ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ጉብታዋ ላይ ወጥቶ ስምዎን የሚጠራው ሰው አሁን በመጋዘኑ ውስጥ ነው፤ የመጋዘኑም ቁልፍ በኪስዎ ነው። እሱ ካልተጣራ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ተኩሉ ቀባሪዎ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይገኝልዎ እሰጋለሁ።